የቪንስ ጠርሙስና የጋሽ ደምሴ ቀጠሮ

ወይን ይተነፍሳል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላመንኩም ነበር። እስከዛሬ ሲተነፍስ የማውቀው ሰውን፣ ከብትን፣ ሲከፋም በጥር ጠዋት አልነሳ ብሎ የሚያጓራውን የራሴን መኪና ነው። ልጄ ማርታ ግን ባለፈው ቅዳሜ አንድ አቧራ የጠጣ ጠርሙስ በሁለት እጇ አቅፋ ገባችና፣ "ዳዲ፣ ነገ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው ሁለት ሰዓት በፊት ክፈተው፤ ኢት ኒድስ ቱ ብሪዝ" አለችኝ።

"ማን ነው የሚተነፍሰው?"

"ዘ ዋይን!"

እኔ የደም ግፊት ያለብኝ ሰው ነኝ። ደረጃ ስወጣ እንደ ወናፍ እያፏጨሁ ነው የምወጣው። በዚህ ቤት ለእኔ ትንፋሽ ያሰበ ሰው የለም፤ ለጠርሙስ ይታሰባል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ማርታ ኒክ የሚባል ልጅ ወዳለች። ኒክን እኔም እናቷ ጽጌም ወደነዋል። በረዶ በወረደ ቁጥር ማንም ሳይጠራው አካፋውን ይዞ እኛ እስካለንበት እስከ ኢገን ከተማ ድረስ ድራይቭ አድርጎ ይመጣል። ክትፎ ሲቀርብለት "ጥሬ ነው እንዴ?" ብሎ አይጠይቅም። ከዚህ በላይ አማች ከየት ይመጣል? አባቱ ቪንስ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የቪንስ አያት ከጣሊያን አገር፣ ፒየሞንት ከሚባል ኮረብታማ ክፍል ተነስተው ሰሜን ሚኒሶታ ብረት ሊቆፍሩ የመጡ ሰው ነበሩ። ታዲያ ቪንስ፣ ኒክ የተወለደ ጊዜ ከዚያው ከአያቱ መንደር የመጣ ባሮሎ የሚባል ቀይ ወይን ገዝቶ ምድር ቤቱ ውስጥ አስተኛው። አስተኛው ነው የሚባለው አሉ። ይተኛል፣ ይነቃል፣ ይተነፍሳል፤ የቀረው ሥራ መግባት ብቻ ነው። ስእለቱም፣ "የልጄ ሚስት ቤተሰቦች እሺ ያሉኝ ቀን ከእነሱ ጋር እጠጣዋለሁ" የሚል ነው። አንድ ጠርሙስ። ሌላ የለም። ከተከፈተ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ካልተጠጣ ይሞታል።

ቅዳሜ ማታ ቤታችን ሀዘን የገባበት መሰለ። ጠርሙሱ ቆሞ ማደር አለበት፤ ዝቃጩ እንዳይናወጥ ተብሎ የልብስ ማጠቢያው አልተነሳም፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀነሰ፣ እኔም በገዛ ቤቴ በእግሬ ጣቶች ቆሜ ነው የሄድኩት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን እጄን ታጥቤ ሥራ ጀመርኩ። ቡሹ ገና መክፈቻው ሲነካው እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ፍርፍር አለ። ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ። ጽጌ የሻይ ማጥለያዋን አምጥታ፣ እኔ በቀስታ እያንቆረቆርኩ እሷ እያጠለለች፣ ለእንግዳ ጭማቂ የምናቀርብበት ሆደ ሰፊ የመስታወት ጆግ ውስጥ ገለበጥነው። ጉዱን ያየነው ያኔ ነው። ቀይ ወይን አይደለም! የሸክላ እጣቢ የመሰለ፣ ዳር ዳሩ ብርቱካንማ የሆነ ነገር ነው።

"ይሄ እኮ ዝገት ነው" አለች ጽጌ። "ሰውየው ቧንቧ ሠራተኛ ነው አላላችሁኝም?"

ጉግል ባደርግ ጭራሽ ባሰብኝ። ጥሩ ባሮሎ እያረጀ ሲሄድ የጽጌረዳና የሬንጅ ሽታ ይኖረዋል ይላል። ሬንጅ! በጋ በመጣ ቁጥር መንገዳችንን ሲያድሱ መስኮት ዘግቼ የምሸሸውን ነገር፣ ሰው ብርጭቆ ውስጥ አፍንጫውን ከትቶ "አቤት!" እያለ ያደንቀዋል።

እኛ በዚህ ስንጨነቅ ጋሽ ደምሴ ከኩን ራፒድስ ደረሱ። ጋሽ ደምሴ የጽጌ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ እህታቸውን ያሳደጉ ሰው። በወጋችን አባት ለልጁ ራሱ መልስ አይሰጥምና የቤተሰቡ አፍ እሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን በወፍራሙ የክረምት ጃኬት ላይ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ እኔ በደስታ፣ "ጋሼ፣ ሁሉም ነገር አልቋል። እርስዎ እሺ ይበሉልንና እንብላ እንጠጣ" አልኳቸው።

"ዛሬ?" አሉኝ። "ዛሬ ምን እሺ አለ? ዛሬማ የሚሰጣቸው ቀጠሮ ነው።"

"የምን ቀጠሮ?"

"የሁለት ሳምንት። ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት። በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለባት ልጅ ምን ጎድሏት ነው አይሉም? ሜዳ ላይ ያገኘናት ናት እንዴ?"

ዞር ብዬ ጆጉን አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል።

"ጋሼ፣ ወይኑ ተከፍቷል እኮ።"

"ክደነዋ!"

ይሄ ለሰው እንዴት ተብሎ ይነገራል? አፌን ከፍቼ ልመልስላቸው ስል ደወሉ ጮኸ።

በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ቪንስ ነው፤ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ሶሉ ስስ የሆነ የሚያብረቀርቅ ጫማ። ሌላው ጋሽ ሀብቶም ናቸው፤ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚኖሩ ኤርትራዊ አዛውንት፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከሁላችንም የጠራ። ኒክ ሽማግሌ ያስፈልግሃል ሲባል ሄዶ የለመነው እሳቸውን ነው። ኒክ ራሱ በወጉ መሠረት አይገባም፤ መኪናውን ደጃችን ፓርክ አድርጎ ሂተር ለቆ ተቀምጧል።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አልን።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ሀብቶም። "ጉዳያችን ሳይፈጸም መቀመጥም መቅመስም የለም።" ቪንስም ቀድሞ ተነግሮት ኖሮ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኑ ግን ጆጉ ላይ ነው።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሽማግሌ ሲላክ ሦስት ነው። ሁለት ሰው ምን ሽማግሌ ይባላል?"

ጋሽ ሀብቶም ሳይደነግጡ ወደ ባዶው ጠርሙስ ጠቆሙ። "ሦስተኛው ያውላችሁ። ከሙሽራው እኩል የተወለደ፣ ከምድር ቤት ወጥቶ የማያውቅ፣ በሰው ነገር ገብቶ የማያውቅ ጨዋ ነው።"

ጋሽ ደምሴ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። ያኔ ተስፋ አደረግሁ። ሞኝ ነኛ!

"መልካም። የልጁ ዘር ማን ነው? ከየት ነው?" አሉ።

ጋሽ ሀብቶም ተረጎሙለት። ቪንስ ዕድሜውን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ፊቱ በራ። ጀመረ። ወይኑ የበቀለበት ኮረብታ ምሥራቃዊ ጎኑ ጠንካራ ወይን፣ ምዕራባዊ ጎኑ ለስላሳ ወይን ያበቅላል አለ። የፍሬው ስም ኔቢዮሎ ነው፤ ሌላው ወይን ሁሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ጉም ኮረብታውን ሲያለብሰው ነው የሚለቀመው፤ ስሙም ከጉሙ የመጣ ነው ይላሉ አለ። የዚህኛው መንደር ሰው የማዶውን መንደር ወይን አይጠጣም አለ። ይቺ እንኳ ገብታኛለች፤ ከወንዝ ወዲህና ከወንዝ ወዲያ ሲባል ያደግሁ ሰው ነኝ። ጋሽ ሀብቶም እየተረጎሙ ላብ በላብ ሆኑ።

"እኔ የልጁን ዘር ጠየቅሁ እንጂ የወይኑን ጠየቅሁ?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ወደ ሰው ሲመጣ ቪንስ ከአያቱ በላይ አያውቅም። አያቱ በዚያ ኮረብታ ላይ የሰው ወይን ይለቅሙ ነበር። ወይኑ ግን የባለርስቱ ስለሆነ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀምሱት፣ እዚህ መጥተው ብረት ቆፍረው ሞቱ። "ለዚህ ነው የገዛሁት" አለ ቪንስ። "እሳቸው ለቅመው ያልቀመሱትን፣ እኔና ልጄ ከአዲሱ ዘመዳችን ጋር እንድንቀምሰው።"

ጽጌ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ጋሽ ደምሴ እንኳ አቀርቅረው ከዘራቸውን አዩ። ከዚያ ቀና አሉና፣ "ጥሩ ዘር ነው" አሉ። "ዘመድ አማክረን መልስ እንሰጣለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።"

ደሜ ፈላ!

ቪንስ ሲተረጎምለት መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። "ቱ ዊክስ?" አለ። ጆጉን አየ። ሰዓቱን አየ። ወይኑ ከተከፈተ ለነገ እንደማይደርስ በትህትና አስረዳ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ አላበቃም። "ይሄ ፍሬ ከሁሉ ዘግይቶ የሚበስል ነው፤ በርሜል ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው አያውቀውም" ብሎ ጨመረ።

"እሰይ!" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ለአንድ ፍሬ ይሄን ያህል የታገሠ ሰው ለልጃችን ሁለት ሳምንት ምን ይከብደዋል?"

"ዳዲ!" አለች ማርታ ከደረጃው ላይ። "ዱ ሰምቲንግ! ሂ ሴቭድ ኢት ሂዝ ሆል ላይፍ!" ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

እኔ ምን ላድርግ? ሞርጌጁን በምከፍልበት ሳሎን ውስጥ እኔ አፍ የለኝም። ጋሽ ደምሴን ሰው ፊት ባዋርዳቸው፣ ሚስቴን ያሳደጓት ወንድሟ ተቀይመው ከሰርጉ ይቀራሉ። ዝም ብል ደግሞ የሰውየው ስእለት ጆግ ውስጥ ይሞታል፣ ልጄም ታለቅሳለች። ጨርቄን ጥዬ በዚያ በረዶ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ።

ጋሽ ሀብቶም ግን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። "ቀጠሮውን በአክብሮት ተቀብለናል" አሉና ቪንስን በክንዱ ይዘው ወጡ። በሩ ተዘጋ። ማርታ እንባዋን ዘረገፈችው። ጽጌ ወንድሟን በዓይኗ ወጋቻቸው፤ እሳቸው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ጣሪያ ያያሉ።

ጥቂት ቆይቶ ደወሉ ጮኸ። ስከፍት ሁለቱ ሽማግሌዎች! እስከ ጉልበታቸው በረዶ ለብሰው ቆመዋል።

"በቀጠሯችን መሠረት መጥተናል" አሉ ጋሽ ሀብቶም እያለከለኩ።

"የምን ቀጠሮ?" አሉ ጋሽ ደምሴ። "አሁን አይደለም እንዴ የወጣችሁት?"

"ወጉ የሚለው ሂዱና ተመለሱ ነው። ሄድን። የቤቱን ረድፍ በሙሉ ዞርን። ተመለስን። በእኛ ዕድሜ፣ በዚህ ብርድ፣ ይቺ መንገድ ከሁለት ሳምንት ታንሳለች?"

እዚህ ላይ ቤታችንን ልንገራችሁ። ከሌሎች ቤቶች ጋር በአንድ ረድፍ የተያያዘ ታውንሀውስ ነው። እሱን መዞር ማለት የጎረቤቱን ጓሮ ሁሉ ማዳረስ ነው፤ በጓሮ በኩል ደግሞ በረዶ የሚጠርግ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም። የቪንስ ጫማ ቁርጥ የቤተ ክርስቲያን ጫማ ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

ጋሽ ደምሴ ክርክር ነፍሳቸው ነው። እንዲህ ያለ ተከራካሪ ካገኙ ስንት ጊዜያቸው! ዓይናቸው በራ። "መልካም፣ ተመልሳችኋል" አሉ። "ዘመድ አማክረን ነበር፤ አንድ አጎት ገና ሐሳባቸውን አልሰጡም። ለሁለት ሳምንት ቀጥረናችኋል።"

"የቱ አጎት?" አልኳቸው በጆሯቸው።

"ዝም በል እንጂ! የቀራቸው አንድ ዙር ነው።"

ሽማግሌዎቹ እንደገና ወጡ። ቪንስ ሲወጣ ወደ ጆጉ አየና አንድ ነገር በጣሊያንኛ አጉረመረመ፤ ጋሽ ሀብቶም ሊተረጉሙልን አልፈለጉም።

ታዲያ እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ። ወይኑ አለ ወይስ ሞቷል ብዬ ጆጉን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና በማንኪያ ቀመስኩት። እግዜር ያሳያችሁ! አፌ ኩምትር አለ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ያልበሰለ ሙዝ ከነልጣጩ የበላሁ መሰለኝ። ሞቷል! ቡሹን ያፈራረስኩት እኔ፣ በሻይ ማጥለያ ያጠለልኩት እኔ፣ ክፍቱን ያስቀመጥኩት እኔ። ሰውየው ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የጠበቀውን፣ አያቱ ሳይቀምሱት የሞቱትን ወይን እኔ በአንድ ከሰዓት ገደልኩት። (አፍ የሚያኮማትረው ደህና ስለሆነ ነው አሉ፤ የሚከበረውም ለዚያ ነው አሉ። ይሄን ማርታ የነገረችኝ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ጠርሙሱ እንዴት እንደሚተኛ የነገረችኝ ልጅ ይቺን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?)

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እውነቱን ተናገሩ። እኛ ዘንድ ቀይ ወይን አፍ ሲይዝ ምንድን ነው የሚደረገው? በየሰርጉ፣ በየክርስትናው፣ ጠረጴዛው ላይ ከወይኑ ጎን ሁልጊዜ የሚቆመው ማን ነው? ፍሪጁን ከፈትኩ። ለእንግዳ የገዛነው ትልቁ ኮካ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለች ጽጌ።

"ላድነው!"

አንቆረቆርኩበት። ወዲያው ቀለሙ ተመለሰ! ያ ዝገት ጠቆር፣ ደመቅ ብሎ የወግ ቀይ ወይን መሰለ። ቀመስኩት፤ ጣፈጠ። ጽጌንም አቀመስኳት። "አሁን ወይን ሆነ" አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሐኪም ብሆን ይሄን ያህል አልኮራም።

ደወሉ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። በዚህኛው ከሽማግሌዎቹ ጋር ጎረቤታችን ሴትዮ ስልኳን ይዛ ቆማለች። "እነዚህ ሰዎች ጠፍተው ነው? ጓሮዬን ሁለቴ ዞሩት" አለችኝ። "አልጠፉም፣ ልጄን ሊጠይቁ ነው" አልኳት። ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። "አጎትዬውም ሐሳባቸውን ሰጥተዋል" አሉ። "ልጃችሁን ልጃችን አድርገናል። እሺ ብለናል።"

ጽጌ እልልታዋን አቀለጠችው። ማርታ ከደረጃው ወርዳ አጎቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ኒክ ከመኪናው ተጠርቶ ገባ። ቪንስ እርጥብ ጫማውን አውልቆ፣ በመጨረሻ፣ ተቀመጠ። ጆጉንም በራሱ እጅ አንስቶ ለሁላችንም ቀዳ።

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ። "ቀለሙ" አለ በመደነቅ፣ "ለዕድሜው ምን ያህል ወጣት ነው!"

ኮራሁ።

አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ከተተ። ቆየ። አወጣው። አሁንም ከተተው። "ምንድን ነው የሚፈላው?" አለ።

"እየተነፈሰ ነው" አልኩት።

ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ከፈተ። "ኮክ?" አለ በሹክሹክታ።

አስረዳሁት። ሞቶ እንደነበር፣ እንዴት እንዳዳንኩት፣ ጽጌም ምስክር እንደሆነች። ጽጌ ምስክርነቷን አልሰጠችም፤ ድንገት ወጡ አረረብኝ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ማርታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ። ኖ።" ኒክ ጫማውን ያያል። ጋሽ ደምሴ ብቻ የራሳቸውን ጨልጠው፣ "ግሩም ወይን ነው" አሉ።

ቪንስ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በኋላ ቀስ ብሎ፣ "አያቴ እሁድ እሁድ ለእኛ ለልጆቹ ወይን በጋዞዛ፣ በለስላሳ መጠጥ እየበረዙ ይሰጡን ነበር" አለ። ተመስገን ብዬ ተነፈስኩ። "ግን እሱ የቤት ወይን ነው!" ብሎ ጮኸ። "ይሄ ባሮሎ ነው!"

ተነሳ። ከጋሽ ሀብቶም ጋር በጆሮ ተንሾካሾኩ። ጋሽ ሀብቶም ኮታቸውን ቆልፈው ፊቴ ቆሙ።

"የልጁ አባት የሚሉት" አሉ በዚያ በጠራ አማርኛቸው፣ "ይቅርታ ማድረጉን በተመለከተ ዛሬ መልስ የላቸውም። ዘመድ ያማክራሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ።"

ወደ ጋሽ ደምሴ ዞርኩ። እሳቸው የቤተሰቡ አፍ አይደሉ? "ወግ ነው" አሉኝና ጃኬቴን አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ወጣሁ። በረዶው እስከ ጉልበቴ ነው። ጎረቤታችን ሴትዮ መጋረጃዋን ገልጣ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። እያፏጨሁ፣ እያለከለኩ፣ ረድፉን በሙሉ ዞሬ በጓሮ በኩል በራሳችን ወጥ ቤት መስኮት ሥር ደረስኩ። ወደ ውስጥ አየሁ። ቪንስ በካልሲው ቆሞ ከጆጉ ለራሱ ሁለተኛ ብርጭቆ እየቀዳ ነው። ጠጣ። ከንፈሩን ላሰ። ትንሽ አሰበና ፍሪጁን ከፍቶ ኮካውን አውጥቶ ትንሽ ጨመረበት።

መስታወቱን ደበደብኩት። ደንግጦ ዞር አለ። ሲያየኝ ብርጭቆውን ወደ እኔ ከፍ አደረገና፣ በሌላው እጁ ጣቱን አየር ላይ አንዴ አዙሮ አሳየኝ፤ አንድ ዙር ይቀርሃል።